ገንዘቡ የሚመለሰው ለማን ነው?

ደጎሎ የጃማ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በዓለም ከተማ በኩል የሚመጣው መንገድ ወደ ወረኢሉ ከመዝለቁ በፊት ያገኛታል። ይህ ምልልስ የተደረገው እዚያ፣ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ሞንታርቦ በሚጠገንበት አንድ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነው። ተነጋጋሪዎቹ ወንድምና እህት ናቸው፤ እሱ ጠጋኝ ነው፣ እሷ ደሴ ላይ የምትሠራ ጠበቃ። የሚነጋገሩት ከቻይና በኢንተርኔት ገበያ ታዝዞ ስለመጣ ፎርጅድ ዕቃ ነው፤ የሻጩንም ሆነ የገበያውን ስም አላነሳሁም። የአንድ ሻጭ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕርም ባላነሳሁ።

ጠበቃዋ፦ ወንድም ጋሼ፣ በስልክ የነገሩኝ ተምታታብኝ። ዕቃው ሲሠራ ቆይቶ ነው የተበላሸው ወይስ ከመነሻው ፎርጅድ ነበር?

ጠጋኙ፦ ከመነሻው ነው እንጂ። ይኸውልሽ፣ ለሠርግ የሚከራይ ሞንታርቦ አመጡልኝ። ከፍቼ ባየው የማጉያው ፓወር ትራንዚስተሮች ነደዋል። ሲ5200 እና ኤ1943 ይባላሉ፤ ጥንድ ናቸው፣ አንዱ ያለ ሌላው አይሆንም። የጃፓኑ ቶሺባ ነው የሚሠራቸው። ኦሪጅናሎቹ 230 ቮልትና 15 አምፔር ይሸከማሉ። አዲስ አበባ ሆኖ ከቻይና ዕቃ የሚያዝ የጎረቤት ልጅ አለ፤ በቴሌብር ብሩን ላክሁለት፣ እሱ በካርዱ አዘዘልኝ።

ጠበቃዋ፦ ደረሰ፣ ገጠሙት።

ጠጋኙ፦ ገጠምሁት። ዝቅ አድርጌ ስከፍተው ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ እሰይ አልሁ። እንደ ሠርግ ቤት ከፍ ሳደርገው ግን ጧ! ትራንዚስተሮቹ ሾርት አደረጉ፣ ከፓወር ሰፕላዩ የወጣው ቮልቴጅ ቀጥታ ስፒከሩ ላይ ወረደና የባሱን ኮይል አነደደው። አሁን ባለቤቱ የስፒከሩንም ከእኔ ይጠብቃል።

ጠበቃዋ፦ ባለሞንታርቦው «ያቃጠልኸው አንተ ነህ» ይልዎታል፤ ሻጩም ያንኑ ነው የሚለው። ፎርጅድ ለመሆኑ ማስረጃዎ ምንድን ነው?

ጠጋኙ፦ ነይ፣ እዚህ ጋ እይው። አንዱን በሞርሳ አጥብቄ በፒንሳ ሰነጠቅሁት። ይኼኛው ደግሞ ምናለሽ ተራ ከገዛሁት አሮጌ ቦርድ የነቀልሁት ኦሪጅናል ነው፤ እሱንም ሰንጥቄዋለሁ። ከመዳቡ ላይ የተለጠፈችው ግራጫ ቁራጭ ሲሊከን ናት፤ ሥራውን የምትሠራው እሷ ናት። በኦሪጅናሉ መዳቡን ሸፍናዋለች ማለት ይቻላል። በአዲሱ ውስጥ ያለችው የምስር ክክ አታክልም። ላዩ ላይ ግን ያው ቶሺባ፣ ያው ቁጥር።

ጠበቃዋ፦ ሳይሰበር መለየት አይቻልም ነበር? ዳኛም ሆነ የገበያው ኩባንያ «ሰብረኸው ነው ያመጣኸው» ቢልስ?

ጠጋኙ፦ ይቻላል። በጥጥ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ፣ አሴቶን ያለበትን፣ ነክሮ ላዩን ማሸት ነው። ጥቁር ቀለም ጥጡ ላይ ከወጣ ጀርባው እንደገና የተቀባ ነው። ሁለተኛ ደግሞ ይቺ መለኪያ አለች። የቶሺባ የቴክኒክ ወረቀት ለሲ5200 የኮሌክተሩ ካፓሲታንስ በ10 ቮልት 200 ፒኮፋራድ ገደማ ነው ይላል፤ ለኤ1943 ደግሞ 360። የእኔዋ በዝቅተኛ ቮልቴጅ ስለምትለካ ለኦሪጅናሉ ከዚያም በላይ ታነባለች። ለዚህኛው ግማሹንም አላነበበችም። ትንሽ ሲሊከን ትልቅ ቁጥር ከየት ያመጣል?

ጠበቃዋ፦ ይኼን ያህል ልፋት ለአንድ ትራንዚስተር? ማን ነው እንዲህ የሚደክመው?

ጠጋኙ፦ ያዋጣላቸዋላ! ቻይና ጓንግዶንግ ውስጥ ጉዪዩ የሚባል ከተማ ነበር፤ የዓለም አሮጌ ኮምፒዩተርና ቴሌቪዥን የሚፈስበት። ቦርዱን እሳት ላይ አግለው ዕቃውን ያረግፉታል፣ ያጥቡታል፣ የድሮውን ጽሑፍ በብርጭቆ ወረቀት ይፍቁታል፣ ጥቁር ይቀቡታል፣ የፈለጉትን ቁጥር ያትሙበታል። እንደኔዎቹ ያሉት ደግሞ ከአሮጌ ቦርድ እንኳ የወጡ አይደሉም፤ ርካሽ ትራንዚስተር በትልቅ ቀፎ ተከቶ የትልቁ ስም የተጻፈበት ነው። እኛን ብቻ እንዳይመስልሽ። የአሜሪካ ሴኔት የመከላከያ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ሪፖርት በጦር ኃይሉ አቅርቦት ውስጥ 1,800 ያህል ፎርጅድ የተጠረጠረባቸው ጉዳዮች እንዳገኘ፣ የዕቃዎቹም ብዛት ከሚሊዮን እንደሚበልጥ ጽፏል። ለአውሮፕላን የሚገዛው ከተታለለ ለሠርግ ሞንታርቦ የምገዛው እኔማ ምን ይገርማል።

(በዚህ መሐል አንድ ወጣት ገብቶ ዘፈን የሚጫንበት ፍላሽ አቀበለ። ላዩ ላይ 2 ቴራባይት ይላል፤ ኮምፒዩተሩም 2 ቴራባይት አለ። ጠጋኙ ዘፈኖቹን ጭኖ ሲያበቃ መጀመሪያ የገቡትን ሲከፍት አንዱም አልተከፈተም። የፍላሹ መቆጣጠሪያ በውሸት ቁጥር ተሞልቶ የተሸጠ ነው፤ ትክክለኛ መጠኑ ሲያልቅ አዲሱን በአሮጌው ላይ ይጽፋል። ወጣቱ የገዛበት ቀን ራቅ ስላለ የመመለሱን ነገር አላነሳውም፤ ፍላሹን ኪሱ ከቶ ወጣ። ፎርጅድ ሻጭ የሚያተርፈው ከዕቃው ርካሽነት ይልቅ ከእንዲህ ያለው ዝምታ ይመስለኛል።)

ጠበቃዋ፦ እሺ፣ ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ልጁ ለገበያው አቤት ሲል ምን ብሎ ጻፈ?

ጠጋኙ፦ «አይሠራም» ብሎ ነው የጻፈላቸው። ሻጩም «ማይ ፍሬንድ» እያለ ሲለሳለስ ቆይቶ «አገጣጠሙን የማያውቅ ሰው አቃጥሎት ነው» አለ።

ጠበቃዋ፦ ታዲያስ! «አይሠራም» ማለት ክርክሩን በሻጩ ሜዳ ላይ መክፈት ነው። ማን አበላሸው የሚለው ጥያቄ ይነሳና ከዚያ መውጫ የለም። «ከተጻፈው ጋር የማይመሳሰል፣ የአምራቹን ስም ያለ አግባብ የለጠፈ ፎርጅድ ነው» ሲባል ግን ቃጠሎው ጉዳይ አይሆንም። ፎርጅድ ሳይቃጠልም ፎርጅድ ነው።

ጠጋኙ፦ በኋላ እኔው ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። የሁለቱን ሲሊከን ጎን ለጎን፣ የጥጡን፣ የመለኪያዋን ንባብ። የትእዛዙን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፌ ከሥሩ አደረግሁት። ያኔ ሻጩ «ዕቃውን መልሱና እከፍላለሁ» አለ።

ጠበቃዋ፦ የታወቀች ዘዴ ናት። ከዚህ ቻይና ለመላክ የሚከፈለው ከዕቃው ዋጋ ይበልጣል፤ እሱም ያውቀዋል። ፎርጅድ ከሆነ ግን መልሶ መላኩን አለመቀበል ይቻላል። ኢቤይ ፎርጅድ መሆኑን ካመነ ያለመመለስ ሊከፍል ይችላል። የክፍያ ድርጅቱ ፔይፓል ደግሞ እንዲያውም ዕቃውን አጥፍታችሁ ማስረጃ አምጡ ሊል ይችላል። ተመልሶ ቢሄድ ለሌላ ሰው እንደሚሸጥ ስለሚያውቁ ነው።

ጠጋኙ፦ ያንቺ ሕግ ጥሩ ነው፤ ቀኑስ? እኔን የሚገድለኝ ቀኑ ነው። ትራንዚስተር እንደ ዳቦ ተገዝቶ በቀኑ አይበላም። መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሥራ ሲመጣ ነው የሚወጣው። ሥራው ሲመጣ የእነሱ ቀን አልፏል።

ጠበቃዋ፦ ቀኑ እንደየገበያው ነው። አሊኤክስፕረስ ትእዛዙ ተጠናቀቀ ከተባለ በኋላ 15 ቀን ይሰጣል፤ ኢቤይ ዕቃው ከደረሰ ወይም ይደርሳል ከተባለበት የመጨረሻ ቀን 30 ቀን፤ ፔይፓል ከከፈሉበት ቀን 180 ቀን። የቪዛ ካርድ ከሆነ ደግሞ ካርዱን በሰጠው ባንክ በኩል ክፍያውን መቃወም ይቻላል፤ ቪዛ ለፎርጅድ ዕቃ ለብቻው ያወጣው 13.4 የሚባል ኮድ አለው፤ ጊዜው 120 ቀን ነው። ግን ፎርጅድ ነው የሚል የአምራቹ ወይም የሌላ አዋቂ አካል ቃል ይጠየቅበታል። የእርስዎ ፎቶ ብቻውን ላይበቃ ይችላል።

ጠጋኙ፦ ቨርጂኒያ ያለችው ዘመዳችን አንድ ጊዜ ከኢቤይ አይሲ ገዝታልኝ ነበር። ዕቃው ቤቷ ቁጭ ብሎ ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው ስትጠብቅ ወራት አለፉ፤ በሻንጣ መጥቶ እዚህ ስለካው ፎርጅድ ነው። ለኢቤይ ዕቃው የደረሰው ቨርጂኒያ የደረሰ ዕለት ነው፤ ደጎሎን አያውቃት።

ጠበቃዋ፦ ኢንተርኔቱስ? ከ2015 ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ አማራ ክልል በሙሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥበት ስንቱ ነው ቀኑ ያለፈበት። የገበያው ሰዓት ግን ይቆጥራል። «በአገሬ መስመር ተቋርጦ ነበር» የሚል ሳጥን እዚያ ገጽ ላይ የለም።

ጠጋኙ፦ ለዚህ ነው አሁን ዕቃ እንደደረሰ፣ ሥራ ኖረም አልኖረ፣ ከጥቅሉ አንዱን የምለካው። ሲከፈት ጀምሮ በስልኬ እቀርጻለሁ። «ደርሶኛል» የሚለውን ቁልፍ ልጁ እንዳይነካው አስጠንቅቄዋለሁ። ሻጩ ኮከብ ስጠኝ እያለ ይለምነዋላ፤ ልጁ ደግሞ ለስላሳ ነው።

ጠበቃዋ፦ ክርክሩን ዝጋልኝና ሌላ እልክልሃለሁ የሚሉም አሉ። ተዘግቶ ቀኑ ካለፈ በኋላ መክፈቻ የለም። መጀመሪያ ይክፈል፣ ከዚያ ይዘጋል። እና ጉዳዩ ምን ላይ ደረሰ?

ጠጋኙ፦ መለሱ። ሙሉውን፣ በዶላር፣ ለልጁ ካርድ።

ጠበቃዋ፦ ታዲያ እኔን ከደሴ ድረስ ምን ያስጠራኛል?

ጠጋኙ፦ እሱ ላይ ነው ነገሩ። ልጁ «ጋሼ፣ የሰጡኝን ብር እመልሳለሁ» አለኝ። እኔም እሺ ልል ነበር። ሚስቴ ናት «ያኔና ዛሬ ዶላሩ እኩል ነው ወይ?» ያለችው።

ጠበቃዋ፦ ልክ ናት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቀው ዶላር ባንክ ላይ ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ከዚያ ወዲህም ብሩ መውረዱን አላቆመም። እርስዎ ያዘዙት ከዚያ በኋላ ቢሆንም ባዘዙበትና ገንዘቡ በተመለሰበት ቀን መካከል ልዩነት አለ። ልጁ ያኔ የከፈሉትን ብር ቢሰጥዎ በእጁ የሚቀረው ዶላር ዛሬ ከዚያ በላይ ያወጣል።

ጠጋኙ፦ ኧረ ተይኝ! የጎረቤት ልጅ ነው፣ እናቱ ምን ትለኛለች? የከፈልሁትን ካገኘሁ ምን ቀረብኝ? ትርፉ የድካሙ ይሁን።

ጠበቃዋ፦ ለድካሙማ ሲያዝልዎት ኮሚሽን ቆርጧል። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ገበያው ገንዘቡን አልመልስም ቢል ኖሮ ልጁ ምን ይልዎት ነበር?

ጠጋኙ፦ «ጋሼ፣ እኔ ምን ላድርግ፣ እኔ መልእክተኛ ነኝ» ነዋ የሚለው። ባለፈው ብሎኛልም።

ጠበቃዋ፦ አዩ? ኪሳራ ሲሆን መልእክተኛ፣ ትርፍ ሲሆን ነጋዴ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ መሆን አይቻልም። መልእክተኛ ከሆነ በሕግ ወኪል ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ወኪል በውክልናው ሥራ የተቀበለውን ገንዘብና ያገኘውን ጥቅም ሁሉ ለወካዩ እንዲያስረክብ ያዛል። ስለዚህ ካርዱ ላይ የገባው ዶላር የእርስዎ ነው፤ በተመለሰበት ቀን የባንክ ምንዛሪ ተሰልቶ፣ ኮሚሽኑና የካርድ ወጪው ተቀንሶ ይከፈልዎታል። ነጋዴ ከሆነ ግን፣ ማለት ዋጋውን ራሱ ቆርጦ «ሲ5200 በዚህ ብር እሸጣለሁ» ብሎ ከሆነ፣ የምንዛሪው ትርፍ የእሱ ነው። በዚያው ልክ ቻይና ያለው ሻጭ ከፈለም አልከፈለም ለፎርጅዱ ተጠያቂው እሱ ነው።

ጠጋኙ፦ ዶላሩ ወርዶ ቢሆንስ ኖሮ? ያኔም ለወኪሌ እከራከርለታለሁ?

ጠበቃዋ፦ ያኔ ኪሳራው የእርስዎ ይሆን ነበር። ወካይ መሆን ያስከፍላል እንጂ ነፃ አይደለም። እኔ ልጁን ሌባ አላልሁትም፤ አብዛኛው እንዲህ ያለ ልጅ ከየትኛው ወገን እንደሆነ አስቦት አያውቅም። የሚያስፈራኝ ይኸው ነው።

ጠጋኙ፦ ከመርካቶ በቴሌግራም የሚሸጡትስ? ካርድም የለ፣ ቻይናም የለ። ቻናል አላቸው፣ ፎቶ ይለጥፋሉ፣ ብር ትልኪያለሽ፣ በመኪና ይጭኑልሻል። እኔ ከእነሱ ነው በብዛት የምገዛው።

ጠበቃዋ፦ እነሱማ የለየላቸው ሻጮች ናቸው። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በተገዛ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃውን መልሶ ይለወጥልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ሊል እንደሚችል ይደነግጋል። ግን የገዙትን የሚያሳይ ነገር ይኑርዎት። ቴሌብር የላከልዎት መልእክት ብር መክፈልዎን ያሳያል እንጂ ምን እንደገዙ አያሳይም። ያንን የሚያሳየው ደረሰኝ ነው።

ጠጋኙ፦ ደረሰኝ ብትዪው «ከፈለግህ ዋጋው ሌላ ነው» ይልሻል።

ጠበቃዋ፦ አውቃለሁ። ደረሰኝ ከሌለ የቴሌግራሙ ንግግር ይኑር። አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ኤሌክትሮኒክ መልእክት በኤሌክትሮኒክ መንገድ ስለሆነ ብቻ ውጤት እንዳይነፈገው አድርጓል። ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ከ2011 ጀምሮ ቴሌግራም ላይ አንዱ ወገን የሁለቱንም መልእክት ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ይችላል። ሻጩ ነገሩ ሲጠጥርበት ያጠፋዋል፤ እርስዎ ባዶ ገጽ ይዘው ይቀራሉ። ስለዚህ «ኦሪጅናል ነው?» ብለው ጠይቀው «አዎ» ያለበትን፣ ዋጋውንና የቻናሉን ስም ወዲያው ስክሪን ሾት አንስተው ያስቀምጡ።

ጠጋኙ፦ አንስቼስ የት ልሂድ? ለአስር ጥንድ ትራንዚስተር አዲስ አበባ ፍርድ ቤት ልመላለስ? መሳፈሪያዬ ይበልጣል።

ጠበቃዋ፦ ፍርድ ቤት ለሚደርስ ገንዘብ አይደለም፤ እውነትዎን ነው። እኔ ጠበቃ ሆኜ ለዚያ ገንዘብ ይክሰሱ አልልዎትም። ወረዳው ንግድና ገበያ ልማት ጽሕፈት ቤት አቤት ማለት ግን ወጪ የለውም፤ ምንም ባያደርጉም ይመዘገባል። የመርካቶ ነጋዴ ደግሞ የቻይናው ያልያዘው አንድ ነገር አለው፤ የደሴ፣ የመካነ ሰላም፣ የወረኢሉና የደጎሎ ጠጋኝ ሁሉ ደንበኛው ነው። እናንተ ጠጋኞች ፎቶዎን ተቀባብላችሁ «ከዚህ ቻናል የመጣው ፎርጅድ ነው» ብትባባሉ ከማናቸውም ክስ ፈጥኖ ይመልሳል። አሁን ግን እያንዳንዳችሁ የተቃጠለውን መሳቢያ ውስጥ ጣል አድርጋችሁ ሌላ ታዝዛላችሁ።

ጠጋኙ፦ ያፍራላ ጠጋኙ። «ፎርጅድ ገጠመልኝ» እንዳይባል ነው የሚደብቀው። አንድ ልንገርሽ። ሪሲቨር ላይ ሶፍትዌር የምንጭንበት ኬብል ውስጥ ያለችውን አይሲ ኤፍቲዲአይ የሚባል የስኮትላንድ ኩባንያ ይሠራታል። እ.ኤ.አ. በ2014 ኩባንያው ፎርጅዷን የሚያሽመደምድ ድራይቨር በዊንዶውስ ማሻሻያ በኩል ለቀቀ። የስንቱ ዕቃ ሥራ አቆመ። ፎርጅዱን የሠራው ሰው አልተነካም፤ የተቀጣው ሳያውቅ የገዛው ነው። ጩኸት ሲበዛ ነው በቀናት ውስጥ ያነሱት። ቅጣቱ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ያለው ሰው ላይ ነው የሚያርፈው። እዚህ ቤት ደግሞ መጨረሻ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ፤ ይኸው ስፒከሩ።

ጠበቃዋ፦ የስፒከሩን ገበያው አይከፍልም፤ እነሱ የዕቃውን ዋጋ እንጂ ዕቃው ያደረሰውን ጉዳት አያውቁም። ሻጩ እዚህ አገር ቢሆን ኖሮ የጉዳት ካሣ እጠይቅልዎት ነበር። ከባለሞንታርቦው ጋር ተነጋግራችሁ ኮይሉን ማስጠቅለያውን ተካፈሉት፤ የተሰነጠቁትን ሁለቱን አሳዩት፣ ዓይኑ ይመልከት።

ጠጋኙ፦ ለልጁስ ምን ልበለው? አንቺ እንደምትዪው ብጽፍለት «ጋሼ ሊከሰኝ ነው» ብሎ ይደነግጣል።

ጠበቃዋ፦ አያስደንግጡት። «ልጄ፣ አንተ ወኪሌ ነህ፤ የተመለሰውን ዶላር በተመለሰበት ቀን ምንዛሪ አስልተህ፣ ኮሚሽንህን ቀንሰህ ላክልኝ። ከእንግዲህም ከማዘዝህ በፊት ይኼን እንጻጻፍ» ይበሉት። ለሚቀጥለው ትእዛዝ ደግሞ አንድ መልእክት ላይ ሦስቱን ያስፍሩ፦ ወኪል ነው ወይስ ሻጭ፤ ገንዘብ ቢመለስ ለማን፣ በየትኛው ቀን ምንዛሪ፤ እርስዎ ለክተው «ጥሩ ነው» እስኪሉ «ደርሶኛል» እንዳይል።

ጠጋኙ፦ እሺ፣ ጻፊውና እኔ ልላከው። የአንቺ ጽሑፍ ያምራል።

ልጁ በማግስቱ ዶላሩን በባንክ ምንዛሪ አስልቶ ላከ፤ ኮሚሽኑን ቀንሷል። በቴሌግራም ለሰው ዕቃ የምታዝዙ ወጣቶች፣ ብር ከመቀበላችሁ በፊት ወኪል ወይስ ሻጭ እንደሆናችሁ ለደንበኛችሁ ጻፉለት። ደንበኛውም ይህ ሳይጻፍለት ብሩን አይላክ።